ከአጥር ወዲህ «አሉ?»

እትዬ መርፌ የሚለው ስም የወጣላቸው ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ምላሳቸውም ይወጋል። አጥር ለአጥር የሚጎራበቷቸው ጋሽ አናጢ ደግሞ ኩርፊያ ይችሉበታል። ሁለቱም የትዳር ጓደኞቻቸውን ቀብረው፣ ልጆቻቸው ከተማ ገብተውባቸው፣ ጭር ባለው ገጠር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

ሰሞኑን ተኳርፈዋል። ጋሽ አናጢ «ጣሪያዬን ፋቀው» ብለው የእትዬን የሎሚ ቅርንጫፍ ሳያስፈቅዱ ቆረጡት፤ እትዬም አፋቸው ያመጣላቸውን ሁሉ አወረዱባቸው። ቢሆንም ማለዳ ማለዳ እትዬ በአጥሩ በኩል «አሉ?» ይላሉ፣ ጋሽ አናጢም «አለሁ!» ይላሉ። ኩርፊያው ይህን አይነካም።

ያን ቀን ግን መልስ ጠፋ። እትዬ ደግመው ተጣሩ፤ ዝም። ብቅ ብለው ቢያዩ በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

ቤት ገቡ፣ ወጡ። እንዳይሰፉ የስፌት መኪናውን መዘውር የሚያዞረው ቺንጋ ከተበጠሰ ሰንብቷል። ቁልፍ በእጃቸው ሊተክሉ ተቀመጡ፤ ክሩ በመርፌው አልገባም አለ። ሽንኩርት መላጥ ጀመሩና ጥለውት ተነሱ።

«ልጃቸው አብረን እንኑር እያለች ስትጨቀጭቃቸው ነበር። ሄዱ ማለት ነው! ደህና ይሁኑ እንኳ ሳይሉኝ! ለአንድ ቅርንጫፍ!»

ተናደው ነበር፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ፈርተዋል። ከእንግዲህ ማንን ይሰድባሉ?

ስልክ ጮኸ። የጋሽ አናጢ ልጅ ናት። «እትዬ፣ አባዬ ስልክ አያነሳም፤ እስቲ ይዩልኝ።»

 እሷ ጋ ካልሄዱ የት ገቡ? «ኧረ ልጄ፣ ጠራኋቸው፣ ጠራኋቸው... አባትሽ የሉም!» አሉና አለቀሱ። የስልኩም ባትሪ እዚያው ላይ አለቀ።

ይሄ «የሉም» የሚሉት ቃል ጉድ ይሠራል። ቤቱ ያልተገኘም «የለም» ይባላል፣ የሞተም «የለም» ይባላል። ከሰዓት በኋላ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ እያለቀሰ ደረሰ። ልጅቷ እትዬ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እትዬም «እነዚህ አንድ ነገር ቢሰሙ ነው» ብለው አብረው ማልቀስ ጀመሩ።

ጋሽ አናጢ ጥቁር ጎማ ነገር አንጠልጥለው ከመንገዱ ብቅ አሉ።

«ማነው የሞተው?»

 ልጅቷ እየዳበሰች፣ እየሳመች፣ እየተቆጣች፣ «በቃ! ከእንግዲህ ብቻህን አትኖርም፤ ሚኒባሱ ውስጥ ግባ!» አለቻቸው። በዚያ ሁሉ እንባ ፊት መከራከር አቃታቸው። ከመግባታቸው በፊት ጎማውን ለእትዬ ዘረጉላቸው። የስፌት መኪና ቺንጋ ነው።

«መኪናዎ ድምፁ ጠፋ። ዝም ሲል እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ስልኬን ቤት ረስቼ ይህን ፍለጋ ስዞር ዋልኩ።»

እትዬ ቺንጋውን ይዘው ግቢያቸው ገቡ። ስድብ ሞልቷቸዋል፤ «አይሂዱብኝ» የሚለው ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም አለ። የሚኒባሱ ሞተር ተነሳ። እትዬ አጥሩ ጥግ ቆመው እንደ ማለዳው ጮኹ።

«አሉ?»

 ልጅቷ አባቷን አየቻቸው።

ጋሽ አናጢ የሚኒባሱን በር ገፍተው ከፈቱት።

«አለሁ!» አሉና ወረዱ።