በሬዲዮ የጠራኋቸው አማቴ

ከሰፈራችን ከማውንት ቤከር ወደ ደቡብ ሲኬድ፣ ከቱክዊላ ከተማ አልፎ፣ ዛሬ መጋዘን የተሠራበት ሜዳ ድሮ ድራይቭ ኢን ሲኒማ ነበር። ሰው መኪናውን ፓርክ ያደርግና ከመቀመጫው ሳይነሳ ፊልም ያያል። ምስሉ ፎቅ በሚያህል ነጭ ሰሌዳ ላይ ይታያል፣ ድምፁ ደግሞ በየመኪናው ሬዲዮ ይገባል። ለልጆቼ ስነግራቸው «ኖ ዌይ!» ብለው ይስቃሉ። እኔ ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዛሬም ያቺ ማታ ትመጣብኛለች።

አማቴ ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ሳምንት አልሞላቸውም ነበር። ባሌ «እማዬ ቤት ታፍና ዋለች፣ ትንሽ ትናፈስ» አለና ይዘናቸው ሄድን።

ሲጨልም ፊልሙ ጀመረ። ባሌ ፈንዲሻ ሊገዛ ወረደ። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ ሕፃኗን ልጄን አጠባለሁ። እማማ ከፊት ዞር አሉና፣

«ሽንት ቤቱ ያ መብራት ያለበት ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ ግን ልጅዎ ይምጣና ያደርስዎታል።»

«ኧረ ተዪኝ! እዚችው አይደለች እንዴ?» በሩን ዘግተው ሄዱ።

ባሌ ፈንዲሻውን ይዞ ተመለሰ። እሳቸው አልተመለሱም። ጠበቅን። ሽንት ቤት ሄጄ እያንዳንዱን በር አንኳኳሁ፤ የሉም። ነገሩ የገባኝ ስወጣ ነው። መብራት ያጠፉ መኪኖች እስከ አጥሩ ድረስ ተደርድረዋል፤ የእኛ ግራጫ መኪና ከሌሎቹ የምትለይበት ምንም ነገር የለም። እማማ እንግሊዝኛ አያውቁም፣ ስልክ የላቸውም፣ አድራሻችንን እንኳ አልያዙም። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ መኪና የሚከንፍበት አውራ ጎዳና አለ።

ባሌ ወደ መውጫው በር ሮጠ። እኔ ሕፃኗን አቅፌ በየመኪናው መስኮት አጎነብሳለሁ። አንዱ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ጮኸብኝ። ይቅርታ ብዬ አለፍኩ። የባሌ እህቶች ደውለው «እናታችንን ምን አደረጋችኋት?» ሲሉኝ ከወዲሁ ይሰማኛል።

በመጨረሻ ፈንዲሻ የምትሸጠዋ ሴት ጋ ሄድኩ። እንግሊዝኛዬ ሁሉ ጠፍቶብኝ «ማዘር፣ ማዘር» ብቻ እላለሁ። ገባት። እጄን ይዛ ፊልሙ ወደሚለቀቅበት ክፍል አስገባችኝ። እዚያ የሚሠራው ሰውዬ የፊልሙን ድምፅ አጠፋና ማይክሮፎን አቀበለኝ። «በቋንቋሽ ተናገሪ፣ በሁሉም መኪና ይሰማል» አለኝ።

ማይክሮፎኑን ወደ አፌ አስጠጋሁ። «እማማ፣ እኔ ነኝ፣ የልጅዎ ሚስት። ካሉበት እንዳይንቀሳቀሱ። አጠገብዎ ሰው ካለ የመኪናውን መብራት ያብራልዎት። በእጅዎ ያሳዩት፣ እማማ፣ እባክዎን!»

ሰሌዳው ላይ ተዋንያኑ ያለ ድምፅ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሜዳው ጨለማ ነው። ደገምኩት። ከዚያ ከመጨረሻው ረድፍ የአንድ መኪና መብራት ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ አለ።

ስደርስ እማማ አንድ ሽማግሌ ባልና ሚስት መኪና ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር፣ ብርድ ልብስ ተደርቦላቸው ተቀምጠዋል። የእኛ መስሏቸው በሩን ከፍተው ኖሯል።

«ሲንቀጠቀጡ አየንና አስገባናቸው፤ ሰው ይመጣላቸዋል ብለን ስንጠብቅ ነበር» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ድምፅሽን ስሰማ፣ እዚህ አገርም በአማርኛ ዜና አለ እንዴ ብዬ ነበር» አሉ እማማ። ሊስቁ ፈልገው ከንፈራቸው እምቢ አላቸው። አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ፤ ሕፃኗም አብራ።

ባሌ ላብ አጥምቆት ደረሰ። «በቃ፣ ቤት እንሂድ» አለ።

«ይህን ሁሉ ሰው በጥብጠንማ ጥለን አንሄድም» አሉ እማማ እንባቸውን እየጠረጉ። «ፊልሙ ይለቅ።»

ቀረን። ፊልሙ ስለምን እንደነበር ዛሬም አላውቅም። በሮቹን ሁሉ ቆልፌ፣ የእማማን እጅ ይዤ፣ እስኪያልቅ ድረስ ሳይ የነበረው እሳቸውን ብቻ ነው።