ሁለት ዓመት በአፍንጫ ጠብታ

ሌላው ሰው ሱስ ሲይዘው ቢያንስ የሚያወራው ነገር አለው። እኔን የያዘኝ የአፍንጫ ጠብታ ነው።

ነገሩን የጀመረው ዓረብ አገር የምሰራበት ቤት ኤሲ ነው። ጉንፋን ይዞኝ እያለከለክኩ ሳህን ሳጥብ ማዳም ሰማችና ከቦርሳዋ ጠብታ አውጥታ ሰጠችኝ። አንዴ ጠብ ሳደርገው አፍንጫዬ ወለል ብሎ ተከፈተ። ካርቶኑ ላይ ከጥቂት ቀን በላይ አትጠቀሙ የሚል ተጽፏል አሉ። እኔ ካርቶን አላነብም፣ አዋቂ ነኝ።

በቀን አንዴ የነበረው በየሰዓቱ ሆነ። ፓስፖርቴ እንኳን ማዳም ጋ ነው፣ ጠርሙሷ ግን ጡት መያዣዬ ውስጥ ናት። ሳልሚያ የሚባል ሰፈር የውበት ሳሎን የምትሰራ ጓደኛዬን ባማክራት፣ ጠንከር ያለውን ግዢ አለችኝ። ጥፍር የምትቀባ ሐኪም። የባስኩት ግን እኔ ነኝ፣ ገዛሁት።

ከዚያ ማሽተት ጠፋ። ሩዝ ሁለቴ አሳረርኩ፣ ያወቅኩት ጭሱን አይቼ ነው። የማዳም አማት፣ ሦስተኛ ካረረ ወዳስመጣኝ ኤጀንሲ፣ ወደ መክተብ፣ እንደሚመልሱኝ ነገሩኝ።

ሰፈር ያለው ፋርማሲ ሄድኩ። ባለሙያው ሁለት ዓመት ስለው እስኪበቃው ሳቀብኝ፣ ከዚያ አስረዳኝ። የአፍንጫ ደም ስሮች ነርቭ «ተኮማተሩ» ሲላቸው የሚሰሙበት ተቀባይ አላቸው። ጠብታው ነርቭን አስመስሎ ይጮህባቸዋል። ቀን ከሌት ሲጮህባቸው ተቀባዮቹ ይደነዝዛሉ፣ ቁጥራቸውም ይቀንሳል። መድኃኒቱ ሲለቅ ደም ስሮቹ ያብጡና አፍንጫ ከበፊቱ ብሶ ይዘጋል።

ወዲያው ገባኝ። አዲስ በመጣሁ ጊዜ ማዳም አንዴ ስትጣራ ደረጃውን ዘልዬ እደርስ ነበር። አሁን አስር ጊዜ ተጠርቼ ነው ቀና የምለው። አፍንጫዬ ከእኔ ነው የተማረው።

«መጀመሪያ በአንዱ ቀዳዳ አቁሚ» አለኝ። «እሱ ሲድን ሌላውን።»

በቀኙ አቆምኩ። ሁለት ሳምንት ትራስ ተደግፌ፣ ተቀምጬ ተኛሁ። ልጅ ስወልድ እንኳን እንዲህ አላቃሰትኩም።

አርብ ምሳ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ትልቁ ድስት እሳት ላይ ሆኖ ሰላጣ ስከትፍ አንድ ነገር ሸተተኝ። በቀኝ በኩል ነው፣ ግራው እንደ ልማዱ ደንዝዟል። ሮጬ እሳቱን አጠፋሁ። ሩዙ ከስሩ ትንሽ ቀልቶ ተርፏል።

አማትየዋ በሉ፣ ደገሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣

«ዛሬ ማን ነው የሰራው?» አሉ።

«ቀኝ አፍንጫዬ» አልኳቸው፣ በአማርኛ።