የእትዬ ወርቄ ጄሶ

ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩት ደሴ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነው። አዲሱ መንግሥት ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ዋና ነርሷ ሲስተር ዘነበች ጄሶ ክፍል አስገባችኝና እጁ በጄሶ የታሰረ ታካሚ ጥፍር ጫን አድርጋ ለቀቀች።

«ደሙ ቶሎ ካልተመለሰ ጄሶው ጠብቋል ማለት ነው። አፉን ሳይሆን ጣቱን እመኚ» አለችኝ።

ታካሚው ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የቢስቲማ ገበሬ ነበሩ። እንዴት እንዳደሩ ስጠይቃቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አሉ። እንቅልፍ ወስዷቸው እንደሆነ ደግሜ ጠየቅኳቸው።

«ወላሂ፣ ዓይኔን አልከደንኩም።»

የመጀመሪያው መልስ ለፈጣሪ፣ ሁለተኛው ለእኛ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። የገባኝ መስሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመቴ እትዬ ወርቄ ሆጤ ሰፈር ቁልቁለቱ ላይ ወድቀው የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። እትዬ ወርቄ የቸርቻችን መዘምራን መሪ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልብስ እየሰፉ የሚኖሩት በዚያችው እጅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጄሶ ታሰረላቸው፤ ከሰዓት ለመታየት ተመለሱ።

«ያምዎታል?» አልኳቸው።

«ደስ ብሎኛል ልጄ! ጌታ ይመስገን!»

እጃቸው ነጠላ ውስጥ ነበር፤ አልገለጥኩትም። በዚያ ሰሞን ሰባኪያችን በመከራ ውስጥ ደስ መሰኘትን ያስተምር ነበርና በእምነታቸው ቀናሁ። ካርዱ ላይ «ሕመም የለም» ብዬ ጻፍኩ። የጋሽ ሰይድን ምስጋና ሰምቼ ደግሜ የጠየቅኩ እኔ፣ የራሴን ቸርች ምስጋና እንደ ላቦራቶሪ ውጤት ተቀበልኩ።

እሑድ፣ መዝሙሩ ደርቶ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ፣ የእትዬ ነጠላ ከእጃቸው ተንሸራተተ። ጣቶቻቸው አብጠው ጠቁረዋል። መድረኩ ላይ ወጥቼ ጥፍራቸውን ጫን አድርጌ ለቀቅኩ፤ ደሙ አልተመለሰም።

«እንሂድ» አልኳቸው።

«መዝሙሩ ይለቅ እንጂ! ደስታዬን አትንጠቂኝ።»

«ደስታዎን ይዘው ይምጡ። እጅዎ ግን አይጠብቅም።»

በደህናው ክንዳቸው ይዤ በጉባኤው መካከል አስወጣኋቸው። ያጉረመረመውን ሰው ዞሬም አላየሁ።

ክሊኒክ ስንደርስ ሲስተር ዘነበች ከቅዳሴ መልስ ተረኛ ነበረች። ጄሶውን በመቀስ ስትሰነጥቀው እትዬ ወርቄ «ወይኔ እጄን!» ብለው ጮኹ፤ እንደ ልጅ አለቀሱ።

«እናንተ ጴንጤዎችኮ የስቅለትን ዓርብ ዘላችሁ ትንሣኤ ትገባላችሁ» አለችኝ ሲስተር ዘነበች። ተናደድኩ።

እትዬ እንባቸውን ጠርገው «እምነቴ ጎደለ ማለት ነው?» አሉኝ።

«ጌታ ራሱ መስቀል ላይ ጮኋል» አልኳቸው። ካርዱ ላይ የጻፍኩትንም ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

እጁ ተረፈ፤ ትንሿ ጣት ግን እንደ ድሮዋ አልታጠፈችም። እትዬ ወደ ስፌታቸው የተመለሱ ሰሞን ለምስክርነት ቆመው «ጌታ ይመስገን፣ ደስ ብሎኛል። ጣቴን ግን ያመኛል» አሉ። ጉባኤው አሜን ይበል አይበል ግራ ገባው። እኔ ጮክ ብዬ «አሜን!» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ደሴም ኮምቦልቻም ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራውን ለምትጀምሩ፦ ታካሚ ሲያመሰግን አሜን በሉ፤ ከዚያ ነጠላውን ገልጣችሁ ጣቱን እዩ።