ሮም ላይ አልቤርቶ ሲሉኝ

ከአዲስ አበባ የወጣሁ ምሽት እናቴ ቦሌ ድረስ አልሸኝም ብላ በራፍ ላይ ቀረች። «ሂድ፣ ወደ ኋላ አትይ» አለችኝ፤ እኔ ግን ዞሬ አየሁ። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ቆማ ነበር። ስንቱ የአገሬ ልጅ በበረሃና በባሕር ሲመጣ እኔ የሥራ ቪዛ ይዤ በአውሮፕላን መጣሁ፤ ይህን ሳስብ ዛሬም አመሰግናለሁ፣ ዛሬም አፍራለሁ።

ሥራውን ያገኙልኝ እትዬ ፋንታዬ ናቸው። የሰፈራችን ሰው ነበሩ፤ ሮም ውስጥ በሰው ቤት ሠርተው ያረጁ። ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ ተቀበሉኝ። ብርዱ እንደኛ ሐምሌ ከላይ የሚወርድ መስሎኝ አንገቴን ሸፈንኩ፤ የሮም ብርድ ግን ለካ ከእግር ነው የሚጀምረው። ከዚያ ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር፣ ሲኞራ ፒና ቤት ወሰዱኝ። ሲኞራ ፒና ጡረታ የወጡ የላቲን አስተማሪ ናቸው። ባል ሞቶባቸዋል፣ ልጅ የላቸውም፣ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ያለ ሰው አይንቀሳቀሱም።

«ስምህ ማነው?»

«ጥላሁን።»

«ቲ… ቲላ…» እጃቸውን አወናጨፉ። «ኖ፣ ኖ። አልቤርቶ። ቫ ቤኔ?»

ሥራው እንዳያመልጠኝ «ቫ ቤኔ»፣ እሺ፣ አልኩ። ከኔ በፊት የነበረው ፊሊፒናዊም አልቤርቶ ይባል እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው። ሽርጡና ስሙ አንድ ላይ ተላለፉልኝ ማለት ነው።

ቀስ በቀስ ቤቱን ለመድኩት። እኛ ቤት ፓስታ እስኪልፈሰፈስ ተቀቅሎ በበርበሬ ነው የሚበላው፤ እዚህ ግን ጠንከር ብሎ ጥርስ ካልያዘው ሲኞራ ፒና «ገደልከው!» ብለው ይጮሃሉ። ባለ ሱቁ፣ ጎረቤቱ፣ ፋርማሲስቷ፣ ሁሉም አልቤርቶ አሉኝ። እኔም አቤት አልኩ።

ችግሩ የመጣው ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ላሳድስ ስል ነው። መጀመሪያ በምኖርበት አድራሻ መመዝገብ አለብኝ፤ ለዚያም የከተማው ፖሊስ ቤት ድረስ መጥቶ መኖሬን ማረጋገጥ አለበት። ፈቃዱ ካልታደሰ ደግሞ አገር ቤት ሄጄ እናቴን አይቼ መመለስ የለም። አመለከትኩና ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። መልስ ሲጠፋ የምዝገባው ቢሮ ሄድኩ።

«አልተገኘም ነው የሚለው ወረቀቱ» አለችኝ ጸሐፊዋ።

«ሲኞራ፣ ይኸው ፊትዎ ቆሜያለሁ።»

«አሎራ፣ እንግዲህ እዚህ ተገኝተሃል። ቤትህ ግን አልተገኘህም። ፖሊሱ የቤቱን ባለቤት ጠይቋል። እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም፣ ከኔ ጋር የሚኖረው አልቤርቶ ነው ብለዋል።»

«አልቤርቶ እኔ ነኝ!»

ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። «ፓስፖርትህ ላይ እንዲያ አይልም።»

«እንግዲያ አልቤርቶን መዝግቡት።»

«አልቤርቶ ፓስፖርት አለው?»

የለውም። እውነቷን ነው። እየሳቅሁ ነው የወጣሁት፤ ደረጃው ላይ ስደርስ ግን ፓስፖርቴን አውጥቼ ስሜን አነበብኩ።

እትዬ ፋንታዬ ነገሩን ሲሰሙ ደነገጡ። «ተው ልጄ፣ በስም አትጣላ። እኔን ስንት ዘመን ማሪያ ሲሉኝ ምን ሆንኩ? እንጀራህን ትዘጋለህ።»

«እርስዎ ፈቃድዎን ይዘዋል፣ እትዬ። እኔ ግን በዚህ ስም የተነሳ የለሁም እየተባልኩ ነው» አልኳቸው፤ ቀጥታ ወደ ቤት ሄድኩ።

የሆነውን ነግሬ በስሜ ይጥሩኝ ስላቸው ሲኞራ ፒና ተቆጡ። «አልቤርቶ ተራ ስም መሰለህ? ከጀርመኖች የመጣ ነው። ጥንት አዳልበርት ነበር። አዳል ማለት ክቡር ዘር፣ በርት ማለት ብሩህ። ከሮም መንግሥት ውድቀት በኋላ ሎንጎባርዶች የሚባሉ ጀርመኖች አገራችንን ሲይዙ እንዲህ ያሉ ስሞችን ይዘው ገቡ፤ ቀስ እያለ ያገሬ ሰውም ልጆቹን በነሱ ስም ጠራ። ጳጳሱም መስፍኑም አዳልቤርቶ ተባለ። በሰው አፍ ሲላመጥ አጥሮ አልቤርቶ ሆነ። ክቡርና ብሩህ! ይህን ሰጥቼህ ትወቅሰኛለህ?»

«ያገርዎ ሰው ስማቸውን የወሰደው ወዶ ነው ወይስ ፈርቶ?»

«ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።»

«እኔ ፈርቼ ነው የወሰድኩት፣ ሲኞራ። ስሙ ያምራል። የኔ ግን አይደለም።»

አባቴ የሞተው ሳልወለድ እንደሆነ፣ እናቴ ታቅፋኝ «መጠለያ የለኝምና አንተ ጥላ ሁነኝ» እንዳለች ነገርኳቸው። «የኔ ስም ክቡር አይልም። ሁን ይላል፤ ትእዛዝ ነው።»

«ትእዛዝ አንቀጽ!» አሉ አስተማሪዋ፣ ዐይናቸው እየበራ። «እስኪ ድገመው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁርስ ላይ ተለማመድን። «ጥ»ን የወይራ ፍሬ ከምላስ ጫፍ እንደመትፋት ያስቡት አልኳቸው። ምራቃቸው ወተቱ ውስጥ ገባ። እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር።

ስሜን በር ላይ ካለው ደወል አጠገብ፣ ከሳቸው ስም ሥር ለጠፍኩና እንደገና አመለከትኩ። ፖሊሱ ሲመጣ ልከፍት ስነሳ በዱላቸው አገዱኝ፤ ራሳቸው እያነከሱ ሄዱ።

«ቲላሁን የሚባል እዚህ ይኖራል?»

«ጥ! ጥላሁን» ብለው አረሙት። «አዎ፣ ከኔ ጋር ይኖራል።»

ተመዘገብኩ። ለፔርሜሶውም አሻራ ሰጠሁ፤ ካርዱ ግን ገና አልወጣም። ጎረቤቶቹ ዛሬም አልቤርቶ ይሉኛል። እቆምና አርማቸዋለሁ፣ ነገም አርማቸዋለሁ።

ባለፈው እሑድ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«ካርዱ ይውጣ እንጂ፣ እማዬ።»

«ዓምናም እንዲህ ብለኸኝ ነበር።»

ምን እንደምላት ሳስብ ሲኞራ ፒና ከመኝታ ቤት ጮኸው ጠሩኝ፤ ጥርት አድርገው፣ በስሜ። እናቴ ሰማች።

«ማናት የምትጠራህ?»

«የምሠራላቸው ሴትዮ ናቸው።»

«አሮጊት ናቸው?»

«አዎ።»

«በል ሂድ ልጄ፣ አታስጠብቃቸው» አለችና ስልኩን ዘጋችው።