«ከሥር ሰው አለ?»፦ ጋሽ ዘውዱን ሳስታውስ

ጋሽ ዘውዱ ካሣ ባለፈው ማክሰኞ ኖርክሮስ በሚገኘው ቤታቸው ማረፋቸውን የሰማሁት የቅዳሜ አማርኛ ተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ሳለ ነው። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው፣ ከእርሳቸው የተማርኩት አንድ ነገር ሳይነገር እንዳይቀር ብዬ ነው።

ብዙዎቻችሁ የምታስታውሷቸው በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሰውን መኪና ኮፈን ከፍተው «ቆይ፣ ቼክ ላድርግልህ» ሲሉ ነው። ሙያቸው ግን የአውሮፕላን መካኒክነት ነበር፤ በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት፣ በኋላም እዚህ በስደት አገር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከኬኔሶ ከተማ ወዲያ በሚገኝ አንድ የአሮጌ አውሮፕላኖች ማሳያ በነፃ ያገለግሉ ነበር። እዚያ የሚጠግኑት ቢ-29 የተባለውን ትልቅ ቦምብ ጣይ ነው። ሂሮሺማንና ናጋሳኪን በአቶም ቦምብ ያጠፉት አውሮፕላኖች የዚሁ ዓይነት ናቸው። ይኸኛው እዚያ አልሄደም፤ ቢሆንም ጋሽ ዘውዱ ሆዱ ሥር በገቡ ቁጥር ያማትቡ ነበር።

ባለፈው ጸደይ ተማሪዎቼን ወሰድኳቸው። ጋሽ ዘውዱ የቦምብ ክፍሉን ክፍት በሮች ሊዘጉልን ነበር። ላስረዳ፦ በሮቹ የሚሠሩት በታመቀ አየር ነው፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ይዘጋሉ። በመካከላቸው የተገኘ ሰው አይተርፍም። ስለዚህ እርሳቸው የበሮቹን መዝጊያ ማንሻ ሳይነኩ ሁልጊዜ ይጣራሉ።

«ከሥር ሰው አለ?»

መልስ የለም። ደግመው ተጣሩ።

«ኖ፣ ጋሼ፣ ክሊር ነው፤ ማንም የለም። በቃ ዝጋው» አለ ናቲ የተባለው ተማሪዬ። ሌሎቹ ሳቁ።

ጋሽ ዘውዱ አልሳቁም። «‹የለም› የሚል ድምፅ ከሥር አይመጣም፤ ዳር የቆመ ሰው ነው የሚለው» አሉና፣ የሚያማቸውን ጉልበት ይዘው ተንበረከኩ። ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ደርቀው ቀሩ።

ከተማሪዎቼ ሁሉ ትንሿ፣ ማርታ፣ በሁለቱ በሮች መካከል ቆማ፣ ባዶውን የቦምብ መስቀያ ሽቅብ ታያለች።

«የኔ እመቤት፣ ስጣራ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ትቆጣኛለህ ብዬ ነው።»

እጇን ይዘው አወጧት፤ የታመቀውንም አየር አስተነፈሱ። ያን ቀን በሩ አልተዘጋም።

ልጆቹን በክንፉ ጥላ ሥር አስቀምጠው ስለ ሂሮሺማና ናጋሳኪ በረራዎች ነገሯቸው። «እንዲቀልል ብለው ከአውሮፕላኑ ላይ ብዙውን መድፍ አወለቁ። በመጀመሪያው ጉዞ፣ ሲነሣ ቢከሰከስ የተነሣበትን ደሴት ይዞ እንዳይጠፋ ፈርተው፣ ቦምቡን ያሰናዱት አየር ላይ ነው። ብርሃኑ ዓይናቸውን እንዳያጠፋ ጥቁር መነጽር ያዙ። እንደ ለቀቁትም በኃይል ዞረው ሸሹ።»

«ስኬርድ ነበሩ ማለት ነው?» አለ ናቲ። አሁን አይስቅም።

«ፈርተዋል እንጂ፤ ሰው ናቸው። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ ሰው ተመድቦ ነበር። ከሥር ሰው አለ ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ግን ወንበር አልነበረም። ከዚያ ከፍታ ቢጠይቅስ ማን ይሰማዋል?»

ከዚያ ወዲህ የጦር አውሮፕላን በክፍላችን ጣሪያ ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ትምህርቱን አቋርጣለሁ። ልጆቹም እኔም ቀና ብለን ድምፁ እስኪርቅ እንጠብቃለን። የዛሬው ቦምብ ከያኔው እጅግ እንደሚብስ አውቃለሁ። ሁሉን ማስረዳት የምወድ ሰው፣ ይህን ለእነርሱ የማስረዳበት ቃል አጣሁ።

በቀብራቸው ዕለት ማርታ የእናቷን እጅ ለቀቀችና ወደ ጉድጓዱ ቀረበች። ተንበርክካ ወደ ታች አየች። ማንም አልከለከላትም።

ጋሽ ዘውዱ፣ ልጆቹን ዳር ቆመው «የለም» እንዳይሉ አስተምራቸዋለሁ፤ ጎንበስ ብለው ይዩ። እርስዎ አሁን ከሁላችን በላይ ነዎት። ከወዲያ ሆነው፣ ቦምብ በሚለቅ ማንሻ ላይ እጁን ያሳረፈ ሰው ካዩ፣ እባክዎ ስለ እኛ ይጣሩ። መልስ ባይሰሙም ባዶ ነው ብለው አይመኑ። ዝም ያልነው ፈርተን ነው፤ ከሥር ሰው አለ።