ዳንቴል የለበሰችው ኮምፒውተር

አለፈች! ወገኖቼ፣ አለፈች! እዚሁ ቦንጋ ተቀምጣ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ አገር ሁሉ እያያት አለፈች! ማን አለፈች ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ትንፋሼን ልሰብስብና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሙባረካ ናት፣ የእትዬ ናፊሳ ልጅ። መናኸሪያው አጠገብ፣ ከእናቷ ቤት ጋር የተያያዘ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አላት። ቀን ማመልከቻ ትተይባለች፣ መታወቂያ ኮፒ ታደርጋለች፤ ደንበኛ ሲሳሳ ደግሞ ራሷ በገጣጠመችው ኮምፒውተር የመኪና ውድድር ጌም ትጫወታለች። ጌሙ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አስፋልቱ ላይ ያቆረ ውሃ ሰማዩን መልሶ ያሳያል፤ የዛፉ ጥላ ቅጠል በቅጠል ይወዛወዛል። ኮምፒውተር የሚያስጨንቅ ጌም ነው።

በዚህ በ2009 ዓ.ም. ሚያዝያ አዲስ አበባ ያሉ ልጆች አገር አቀፍ ውድድር አዘጋጁ። ተወዳዳሪው ካለበት ሆኖ ይጫወታል፤ ግን ጌሙንም ፊቱንም በኢንተርኔት በቀጥታ ማሳየት አለበት። አለበለዚያ ሌላ ሰው እንዳልተጫወተለት በምን ይታወቃል? ሙባረካ የመጀመሪያውን ዙር ስታሸንፍ ቪዲዮዋ ክፉኛ ይቆራረጥ ነበር። አዘጋጆቹ ደወሉላት። "በሚቀጥለው ዙር ከተቆራረጠ ውጤትሽ አይያዝም፤ ቦታሽም ለሌላ ይሰጣል" አሏት።

"ኔትወርክ ነው" አለ ሰፈሩ በሙሉ። እኛ ጋ ባጃጅ እንኳ አልነሳ ሲል ኔትወርክ ነው የሚል አይጠፋም። ሙባረካም አምናለች። ገመዱን ቀየረች፣ ሰው የማይጠቀምበትን ሰዓት ጠበቀች። ምንም!

ቀኑ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሙባረካ ውድድሩ ሳይጀመር ለሙከራ ትነዳለች። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ጋሽ ገብረወልድ ከስፌት መኪናው ጀርባ ተቀምጦ በስልኩ ስርጭቱን ይከታተልላታል፤ በመካከላቸው ያለው ጣውላ ግድግዳ ስስ ስለሆነ ይጯጯኻሉ።

"ጋሽ ገብሬ፣ እንዴት ነው?"

"መኪናሽ ድልድዩ ጋ ነበረች፤ አሁን ደግሞ ዛፉ ጋ ናት። በመሃል የት እንደሄደች ለኔም አልነገረችኝ!"

"ድምፁስ?"

"ድምፁማ እንደ ወፍጮ ይንደቀደቃል፤ አንዴም አልተቋረጠ።"

ሙባረካ እጇ ኪቦርዱ ላይ ደረቀ። ኔትወርክ ቢሆን ድምፁንስ ለምን ይምረዋል? የማሰራጫውን ፕሮግራም ከፍታ አየች። ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው መስመር አረንጓዴ ነው፤ መንገድ ላይ የጠፋ ምስል የለም። እንግዲያው ምስሉ ከቤቱ ሳይወጣ ነው የሚሰናከለው! ግራፊክስ ካርዱ ጌሙንም ይስላል፣ ለስርጭቱም ምስል ያዘጋጃል፤ ጌሙ ደግሞ አቅሙን ጠራርጎ ወስዶ ለስርጭቱ ምንም አላስተረፈለትም።

ወዲያው የጥላውን ጥራት አወረደች። ውሃው ላይ የሚታየውን ሰማይ አጠፋች። ካርዱ ያለ ልክ እንዳይሮጥ በሰከንድ ከስልሳ ምስል በላይ እንዳይስል ገደበችው።

"አሁንስ?"

"አሁን ተቃናች! ኧረ ቆንጆ ሆነች!"

እፎይ አለች። እፎይታው ግን አልቆየም።

"አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ጀመራት!"

እንደገና ቀነሰች። አሁንም ያው ነው። ከአዲስ አበባ የአስተናጋጁ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫው መጣ፤ "ቦንጋ፣ ልንጀምር ነው፤ ዝግጁ ነሽ?" የምትቀንሰው ነገር አልቀራትም። በንዴት ጠረጴዛው ሥር ያለውን የኮምፒውተሩን ሣጥን በመዳፏ ስትመታው፣ መዳፏ ያረፈው ዳንቴል ላይ ነው። ዳንቴሉ ደግሞ ይፋጃል።

እትዬ ናፊሳ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ሬዲዮው ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል። የቦንጋ እርጥበት ብረት ይበላል ብለው ለኮምፒውተሩ ገበር ያለው ነው ያሰፉለት። ለዛሬው ቀን ደግሞ እህታቸው ዚነት ከምትኖርበት ከደካ የላከችውን አዲሱን፣ ወፍራሙን ደርበው፣ ሙቀቱ በሚወጣበት በጀርባው በኩል በመርፌ ቁልፍ ጥርቅም አድርገው ይዘውታል። ሙባረካስ? ውስጡን ባጸዳች ቁጥር ዳንቴሉን በገዛ እጇ መልሳ ታለብሰዋለች። በዳንቴል መሃል ስላደገች አንድም ቀን አልታያትም።

"እማ፣ ላወልቀው ነው!" አለች፣ ሊያዩዋት በሩ ላይ ለቆሙት እናቷ።

"አገር እያየሽ ራቁቷን? ዚነት ዓይኗን ያፈሰሰችበትን?"

"እማ፣ ታፍናለች! አየር አጥታ ነው የምትንተፋተፈው!"

እትዬ ናፊሳ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ከጀርባው ቢያስጠጉ ደንግጠው መለሱት። "ያ ረቢ! እኔ ነኝ ያፈንኳት?" ከዚያ በኋላ ማንም አልቀደማቸውም፤ መርፌ ቁልፉን እየነቀሉ ወረወሩት። ዳንቴሉ ሲነሳ ሣጥኑ ትኩስ ትንፋሹን እፍ አለ፤ ማራገቢያው ጮኸ። እሳቸው ዳንቴሉን እንደ ሕፃን ታቅፈው የሚያስቀምጡበት ጠፋቸው። ሙባረካ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ከኋላዋ ወዳለው ምስማር ጠቆመቻቸው።

ውድድሩ ተጀመረ።

ከጣውላው ወዲያ ድምፅ የለም። ከዝምታው የከፋ ነገር የለም፤ ተቆርጦ ይሁን ቀንቶ በምን ትወቅ? ዞር ብላ እንዳታይ መታጠፊያው ደርሷል። "ጋሽ ገብሬ!" ዝም። "ጋሽ ገብሬ፣ በናትህ! ይቆረጣል ወይ?"

"ኧረ አትረብሺኝ፤ ዝም በይና ንጂ! ያ ቀዩ ሊቀድምሽ ነው!"

ለካ ሰውየው ቪዲዮው ስለፈሰሰለት ሥራውን ረስቶ ውድድር እያየ ነው! ሙባረካ ሳቋ አመለጣት፤ ቀዩም በሳቋ መሃል አለፋት። ሁለተኛ ወጣች። ለፍጻሜ የሚያልፉት ሁለት ናቸው።

አስተናጋጁ ቪዲዮውን መረመረ። ከዚያ "ቦንጋ፣ ቪዲዮሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ንጹሕ ነው፤ ውጤትሽ ተይዟል" አላት። ቀጥሎም "ከጀርባሽ የተሰቀለው ምንድን ነው? ሰው ሁሉ እየጠየቀ ነው" ቢል፣ እትዬ ናፊሳ በልጃቸው ትከሻ ላይ ተንጠራርተው "ከደካ ነው በይው! የእህቴ የዚነት እጅ ነው በይው!" እያሉ ካሜራውን ሞሉት።

ዚነት ግን እስካሁን አልሰማችም፤ ስልኳ አይሠራም። ዳንቴሏን አገር አይቶታል እኮ! የደካው ሚኒባስ ጥሩንባውን እየነፋ ነው፤ ሳይሞላ ልድረስበት፤ እኔው ራሴ ሄጄ ካልነገርኳትማ!