ጢሙ የሳሳ ሙሽራ

ዶሃ ሥራ የጀመርኩ ቀን ሙዲሬ፣ አለቃዬ ማለት ነው፣ አቡ ናቢል ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና አገጩን ቀና አደረገልኝ። ፈተና መሆኑ ነው። ሰውየው ሶርያዊ ነው፤ አል ሙንተዛህ ሰፈር ውስጥ የወንዶች ፀጉር ቤት አለው። ጢሙን ሳየው ገና ያጎጠጎጠ ነው፤ መላጨት የረሳ ሰው መሰለኝ። ኮምቦልቻ እያለሁ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ሳሙና፣ ከዚያ ምላጭ፣ አለቀ። እኔም ሳሙናውን መትቼ ብሩሹን ጉንጩ ላይ ሳሳርፍ ዘሎ ተነሣ።

«ኸላስ! ኸላስ! ማን ላጨኝ አለህ?»

ዐረብኛውን ጅዳ ሳለሁ ለቃቅሜዋለሁ። «ታዲያ ምን ላድርግህ?» አልኩት።

«አስተካክለው!»

«ምኑን? ያልተላጨ ጢም እኮ ነው!»

ሳቀብኝ። ሳሙናውን በፎጣ እየጠረገ፣ «እዚህ አገር ሰው ወረፋ የሚጠብቀው ያልተላጨ ለመምሰል ነው» አለኝ። አላመንኩትም። ሐሙስ ደርሶ ወጣቱ ሁሉ ለጁምዓ ሊዘጋጅ በሩ ላይ ሲጋፋ ነው ያመንኩት።

ሥራው እንዲህ ነው። ፊት ታጥቦ በደንብ ይደርቃል፤ እርጥብ ጢም ረጅም መስሎ ያታልላል። ቶንዶዙ ላይ ቁጥር አንድ ማበጠሪያ ይገባል። ጢሙ በተኛበት በኩል ትሄዳለህ። ከዚያ አንገት ነው። መስመሩ ከማንቁርት ትንሽ ከፍ ይላል፤ ወደ መንጋጋ ካወጣኸው ቀጭኑን ሰው ድርብ አገጭ ታወጣለታለህ። ከመስመሩ በታች በምላጭ ታፀዳለህ፤ ጉንጭ ላይ የተበተነችዋን ትለቅማለህ። ደንበኛህ ሲወጣ ሰው «ተላጨህ እንዴ?» ካለው አበላሽተሃል። «ምን አግኝተህ ነው እንዲህ ያማረብህ?» ካለው ሠርተሃል።

ሰዒድ የሚባል የወረባቦ ልጅ ደንበኛዬ ነበር፤ ሉሰይል አንድ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ተሸካሚ ነው። አንድ ዓርብ ጠዋት በሩን ሳልከፍት ደርሶ ቆሞ አገኘሁት።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ዛሬ ከዐስር ሰላት በኋላ ኒካሄ ነው፣ አል ዋክራ።»

«ማሻአላህ! ታዲያ ፊትህ ለምን ለቅሶ ደራሽ መሰለ?»

«አጎቷ ናቸው፣ ጋሼ!»

ልጅቷ ዘይነባ ትባላለች። ይዋደዳሉ። አባቷ አገር ቤት ስለሆኑ ውክልናውን ለአጎቷ ለሐጂ ሙሔ ሰጥተዋል። ሐጂ ሙሔ ዋክራ የመጋዘን ጥበቃ ናቸው። ሰዒድን መጀመሪያ ሲያዩት ፊቱ ለስላሳ ነበርና፣ «ለሕፃን እንድድራት አልተወከልኩም፤ ጢም አብቅለህ ና» ብለው መለሱት። ልጁ ከዚያ ወዲህ ምላጭ አላስነካም። አገጩ ላይ ደህና በቅሎለታል። ጉንጩ ግን ዝናብ የዘለለው የማሽላ ማሳ ነው፤ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ። ሆቴሉ ደግሞ እንዲያስረዝም አይፈቅድለትም።

«ዛሬም ከመለሱኝ አለቀልኝ» አለኝ። «ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ አብረውኝ አይሄዱም።»

ባልደረባዬ ራም፣ ኔፓላዊ ነው፣ ነገሩ ሲገባው ጥቁር ቀለም በጥብጦ መጣ። ሙሉ ጢም ስሎለት ሊሸኘው ነው። የሰዒድ ዓይን በራ።

«አይሆንም» አልኩ።

«ጋሼ፣ ምን አለበት?»

«የዋክራ ወበቅ አለበት! ፋቲሓው ሳያልቅ ጢምህ ደረትህ ላይ ይወርዳል።»

አቡ ናቢል ከጓዳ ወጣ። «ያላ እንድሪስ! ደንበኛው የፈለገውን ሥራለት!»

«ሙዲር፣ ልጁ የፈለገው ሚስት ነው እንጂ ቀለም አይደለም» አልኩት። ተመልሶ ገባ።

ቶንዶዙን ሳነሣ ሰዒድ እጄን ያዘኝ። «ጢም አምጣ ተብዬ ያለችኝንም ሊቆርጡብኝ ነው?»

«እጄን ልቀቅ።»

የሳሳውን ጉንጭ አልነካሁትም። አገጩና ከከንፈሩ በላይ ያለውን፣ ጥቅጥቅ ያለውን፣ በቁጥር አንድ አወረድኩት። ድንበሩ ላይ ማሽኑን ብድግ፣ ብድግ እያደረግኩ አዋሐድኩት። ወፍራሙ ሲያጥር ስሱ መታየት ይጀምራል፤ ዓይን የሚይዘው ልዩነቱን ነው። አንገቱን አፅድቼ መስታወት ሰጠሁት። ወደ ቀኝ ዞረ፣ ወደ ግራ ዞረ።

«ይሄ የኔ ነው?»

«የማን ሊሆን ነው?»

ሰዒድ «እርስዎ ካልመጡ ልቤ አይረጋም» ብሎ ዋክራ ድረስ በሜትሮ ይዞኝ ሄደ። ሐጂ ሙሔ አጠገባቸው አስቀመጡትና ፊቱን አዩት። ደግመው አዩት። ከዚያ ነጭ መሐረብ አወጡ፣ ውሃ ውስጥ ነከሩና ጉንጩን ይፈትጉት ጀመር! ሰዒድ ጥርሱን ነክሶ ቻለ።

«አጎቴ፣ ኧረ ሊልጡት ነው!» አለች ዘይነባ ከመጋረጃው ጀርባ።

ሐጂ ሙሔ መሐረቡን ወደ መብራቱ አነሡት። ነጭ ነው።

«ምን ላድርግ፤ ባለፈው ለታላቅ እህቷ የመጣው ጢሙን ትራሴ ላይ ትቶልኝ ሄደ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም። የሰዒድን ጉንጭ በእጃቸው ጀርባ ዳሰስ አደረጉ። «ይቺ ትንሽ ናት፤ ግን የራሱ ናት። በሉ ሼሁን ጥሩልኝ።»

ከመጋረጃው ጀርባ እልልታው ቀለጠ። እኔም ሩዝና ሥጋዬን ጠግቤ በላሁ።

ለአዲስ ፀጉር አስተካካይ ሁሉ የምነግረው ይኸው ነው። ጢሙ የሳሳ ሰው ወንበርህ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሳሳውን እይ። ወፍራሙን ወደ እሱ አውርድ። ቀለም አትቀባ።